የነርሶች የሥራ ልብስ፦ ቀለሙ ለታካሚው ምን ይነግረዋል?

ከጄልዱ ወይም ከግንደበረት ቀበሌዎች ታማሚውን ይዞ አምቦ የደረሰ አስታማሚ የሆስፒታሉን በር አልፎ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በልብስ ላይ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ በአጠገቡ ያልፋል፤ ሰማያዊ የለበሰች አልጋ ታነጥፋለች፤ አረንጓዴ የለበሰ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ብቅ ይላል። ሐኪሙ የትኛው፣ ነርሷ የትኛዋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋስ የትኛዋ እንደሆነች ካልለየ ጥያቄውን ለማን እንደሚያቀርብ አያውቅም። የነርሶች የሥራ ልብስና የአለባበስ ደንብ የጤና ተቋማት የውስጥ ጉዳይ ቢመስልም በአልጋ ላይ ያለውን ሰው በቀጥታ የሚነካው በዚህ ምክንያት ነው። የሥራ ልብስ ሁለት ዋና ተግባራት አሉት፦ ለታካሚው ኃላፊነት ያለበትን ሰው ማሳወቅና ጀርም ከአልጋ ወደ አልጋ፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት እንዳይጓዝ መከላከል።

ነጭ የለበሰ ሁሉ ሐኪም አይደለም

በአካባቢያችን ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሁሉ «ሐኪም» ሲባል ኖሯል። ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው የቀድሞው «ድሬሰር» እንኳ በአገሬው ዘንድ በዚሁ ስም ይከበር ነበር። ዛሬም ሴት ነርስ «ሲስተር» ስትባል ወንድ ነርስ ብዙውን ጊዜ «ዶክተር» እየተባለ ይጠራል፤ ሴት ሐኪም ደግሞ በተቃራኒው «ሲስተር» ተብላ ስትጠራ ይሰማል። «ሲስተር» የሚለው መጠሪያ ራሱ በአውሮፓ ሕሙማንን ይንከባከቡ ከነበሩ መነኮሳት የመጣ ሲሆን፣ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የዋርድ ኃላፊ ነርስ ማዕረግ ሆኖ ቆይቷል።

ይህ የስም መደባለቅ ከጨዋነት ጉድለት የማይቆጠር ቢሆንም መዘዝ አለው። አንድ አስታማሚ ታማሚው ከዚህ በፊት ስለወሰደው የባህል መድኃኒት፣ ስለማይስማማው መርፌ ወይም ስለቆየ ሕመሙ ለአንድ ነጭ ለባሽ ነግሮ «ለሐኪሙ ነግሬአለሁ» ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። የሰማው ሰው የላቦራቶሪ ባለሙያ ወይም ተለማማጅ ተማሪ ከሆነ መረጃው ሐኪሙ ዘንድ ላይደርስ ይችላል። የቀዶ ሕክምና ፈቃድ ሲፈረምም እንዲሁ ነው። ስለ ሕክምናው ጥቅምና ጉዳት ማስረዳት የሚገባው ሕክምናውን የሚሰጠው ባለሙያ በመሆኑ፣ ፈራሚው ከማን ጋር እየተነጋገረ እንዳለ ማወቅ ይኖርበታል።

በምዕራብ ሸዋ ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ታካሚው በአንድ ሕመም ብዙ ተቋማትን የሚያልፍ መሆኑ ነው። በሀገሪቱ የጤና አገልግሎት አደረጃጀት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግሉ የታቀዱ ናቸው። ከቀበሌው ጤና ኬላ የተነሣ ታማሚ በጤና ጣቢያ በኩል ወደ ጉደር፣ ባኮ፣ እንጭኒ ወይም ጄልዱ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ጌዶ፣ ግንደበረት ወይም አምቦ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። የልብስ ቀለም ከተቋም ተቋም ስለሚለያይ፣ በአንዱ ቦታ የነርስ የነበረው ቀለም በሌላው የሌላ ሙያ ሊሆን ይችላል።

ልብሱ ከየት መጣ?

ዘመናዊው የነርስ ልብስ ከፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1854 በክሪሚያ ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ለመርዳት ዘምታ ከተመለሰች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። የዚያ ዘመን ነርሶች ረጅም ቀሚስ፣ በላዩ ሽርጥ፣ በራሳቸው ላይም ቆብ ያደርጉ ነበር። አለባበሱ የመነኮሳትንና የቤት ሠራተኞችን ልብስ የተከተለ ሲሆን፣ የሠለጠነችውን ነርስ ካልሠለጠነችው ለመለየት ያገለግል ነበር። ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ ከታወቀ በኋላ ነጩ ቀለም እየበዛ ሄደ። ነጭ ጨርቅ ቆሻሻን አይሸሽግም፤ ሲቀቀልና በበረኪና ሲታጠብም ቀለሙ አይበላሽም።

በሀገራችን የነርስነት ታሪክ ቀድመው ከሚነሡት መካከል ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ይገኙበታል። በስደት ዘመን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው እ.ኤ.አ. በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመርቀዋል። ወደ ሀገራቸው ከተመለሱና ትዳር ከመሠረቱ በኋላ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት በነቀምቴ ዐረፉ፤ ከተማዋ በአምቦና በጉደር በኩል ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በአዲስ አበባ በስማቸው የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የነርስ ልብስ መልበሷ በዘመኑ እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይታይ ለነበረው ሙያ ክብር የጨመረ ነበር።

ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ የነርስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ከጤና መኮንኖችና ከሳኒታሪያኖች ጋር የማኅበረሰብ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። ነጩ ልብስና ቆቡ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች በኩል ወደ ክፍለ ሀገራት ተዳረሰ። ቆቡ ግን በብዙ ሀገሮች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከዋርድ እየጠፋ መጥቷል። በየቀኑ የማይታጠብ በመሆኑ የንጽህና ጥያቄ ያስነሣ ነበር፤ ወደ ሙያው የገቡት ወንዶች መብዛታቸውም የሴት ልብስ የነበረውን መለያ አስቀርቶታል።

ቀለሞቹ ለምን ተለያዩ?

የቀዶ ሕክምና ክፍል አረንጓዴና ሰማያዊ ልብስ ከማማር ያለፈ ምክንያት አለው። ቀይ ደምን ለረጅም ጊዜ ትኩር ብሎ ሲመለከት የቆየ ዓይን ወደ ነጭ ጨርቅ ሲዞር አረንጓዴ ጥላ መሰል ነገር ያያል። በጠንካራ መብራት ሥር ነጭ ጨርቅ ዓይንን ያጭበረብራል፤ አረንጓዴው ግን ዓይንን ያሳርፋል። ሃሪ ሸርማን የተባለ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1914 በሳን ፍራንሲስኮ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን በአረንጓዴ ማልበሱ የዚህ ልማድ ጅማሬ ከሚባሉት አንዱ ነው።

በዋርድ ውስጥ ደግሞ ቀለም ማዕረግና ሙያን መለያ ሆኗል። በብሪታንያ የዌልስ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2010 በሁሉም ሆስፒታሎቹ አንድ ዓይነት የነርሶች ልብስ አውጥቷል። የዋርድ ኃላፊዋ ጥቁር ሰማያዊ፣ ነርሷ ውኃ ሰማያዊ፣ ረዳት ሠራተኞች አረንጓዴ ስለሚለብሱ፣ ታካሚው በአንድ ከተማ የተማረውን በሌላውም ይጠቀምበታል። በደቡብ አፍሪካ የተመዘገበ ነርስ በትከሻው ላይ ጥቁር ቀይ መለያ ያደርጋል፤ የአዋላጅነት ሙያ ያለው ደግሞ በዚያው ላይ አረንጓዴ ምልክት ይጨመርለታል። በዚያ አሠራር የልብሱ ቀለም ቢለያይ እንኳ ትከሻውን ያየ ሰው ሙያውን ያውቃል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ቀለም የሚጠቅመው ትርጉሙ ለታካሚው ሲነገረው ነው። ሆስፒታሉ በሙያ የተለያየ ቀለም ቢመርጥም በካርድ ክፍልና በየዋርዱ በር ላይ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ከሥዕል ጋር «ይህን ቀለም የለበሰ ነርስ ነው፤ ይህን የለበሰች አዋላጅ ናት» የሚል ማስታወቂያ ካልተለጠፈ፣ የቀለሙን ፍቺ የሚያውቁት ሠራተኞቹ ብቻ ይሆናሉ። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ስለሚበዙም ሥዕሉ ከጽሑፉ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የአለባበስ ደንብ ከቀለም ያለፈ ነው

የነርሶች የአለባበስ ደንብ ሲባል የጨርቁ ቀለም አንዱ ክፍል ብቻ ነው። በጤና ተቋማት ዘንድ የተለመዱት ዋና ዋና ነጥቦችና ምክንያቶቻቸው የሚከተሉት ናቸው።

ጥፍር አጭር ይሁን፤ ቀለምና ሰው ሠራሽ ጥፍር አይደረግ። ጀርም በጥፍር ሥር ስለሚሸሸግ በውኃና በሳሙና እንኳ በቀላሉ አይለቅም።

ቀለበት፣ አምባርና የእጅ ሰዓት በሥራ ሰዓት ይውለቁ። እጅን እስከ አንጓ ድረስ በደንብ ለመታጠብ ያግዳሉ። ነርሶች የልብ ምት ለመቁጠር የሚጠቀሙበትን ሰዓት በደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ለዚህ ነው። እጅጌም አጭር ቢሆን ወይም እስከ ክርን ቢታጠፍ ይመረጣል፤ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሕሙማንን የሚነኩ ሠራተኞች ከክርን በታች እጃቸውን እንዲገልጡ አድርጓል።

ፀጉር ይሰብሰብ፤ ሻሽ ወይም ሂጃብ ያደረገች ነርስም ጫፉን ወደ ውስጥ ታስገባ። ጫፉ በቁስል ወይም በመርፌ ዕቃ ላይ እስካልወደቀ ድረስ ሃይማኖታዊ አለባበስና የሥራ ንጽህና አብረው ይሄዳሉ።

ጫማ ፊቱ የተሸፈነ፣ የማያንሸራትትና ድምፅ የማያሰማ ይሁን። የወደቀ መርፌ ክፍት ጫማ ያደረገን እግር ይወጋል፤ ሌሊት የሚንኳኳ ተረከዝም ሕሙማንን ይቀሰቅሳል።

የደረት ባጅ ስምና ሙያን በጉልህ ይግለጽ። ከሁሉም በላይ ለታካሚው የሚጠቅመው ይህ ነው። ቀለም ሊደበዝዝ፣ ልብስም ከሌላ ሰው ሊዋስ ይችላል፤ ባጁ ግን ስም አለው፤ ስም ያለው ሰው ደግሞ ተጠያቂነት አለበት።

ባጅ ማንበብ ለማይችል ታካሚ ነርሷ በቃል ራሷን ማስተዋወቅ ይኖርባታል። ኬት ግሬንጀር የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም ራሷ የካንሰር ታማሚ ሆና በተኛችበት ጊዜ ብዙ ሠራተኞች ስማቸውን ሳይነግሯት እንደሚነኳት አስተውላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ባለሙያዎች «ስሜ እገሌ ነው» ብለው እንዲጀምሩ የሚጠይቅ ዘመቻ ጀምራለች። በሀገራችንም ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተተገበረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሩኅሩኅና ተገልጋይ አክባሪ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። «መቃን ኮ» ብላ ስሟንና ሙያዋን የምትናገር ነርስ ይህን ዓላማ ከአልጋው አጠገብ በሥራ ታሳያለች።

ጋውኑ ገበያ ሲወርድ

በየከተማው አንዳንድ ባለሙያዎች ጋውናቸውን እንደለበሱ በባጃጅ ሲሳፈሩ፣ ምሳ ሲበሉ ወይም ገበያ ሲወርዱ ይታያሉ። ይህን ጉዳይ ገበሬ ከራሱ ሥራ ተነሥቶ ሊመዝነው ይችላል። ፀረ ተባይ ሲረጭበት የዋለበትን ልብስ ለብሶ ከልጆቹ ጋር ማዕድ የሚቀርብ ጠንቃቃ ገበሬ የለም። የዶሮ እርባታ ያለው ሰውም ከሌላ እርባታ የመጣን እንግዳ ጫማውን በመድኃኒት ሳያስነክርና ካፖርት ሳያስለብስ አያስገባም፤ በሽታ በጫማና በልብስ እንደሚጓዝ ያውቃልና። የሆስፒታል ልብስም በዚሁ ዓይን ይታያል።

በነርሶች ልብስ ላይ በተለይም በእጅጌ ጫፍና በኪስ አካባቢ ጀርሞች እንደሚገኙ በተለያዩ ሀገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ይሁን እንጂ በሽታን ከታካሚ ወደ ታካሚ በማስተላለፍ ረገድ ዋናው መንገድ እጅ ነው። ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ እጁን እንዲያጸዳ የሚገባባቸውን አምስት ጊዜያት ለይቷል፦ ታካሚውን ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ ከደምና ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ፣ ታካሚውን ከነኩ በኋላ፣ እንዲሁም በታካሚው ዙሪያ ያሉ ዕቃዎችን ከነኩ በኋላ። ጋውኗ ጸዓዳ የሆነች ነገር ግን እጇን የማትታጠብ ነርስ ታካሚዋን አልጠበቀችውም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በሀገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በየበሩ የተቀመጡት የእጅ መታጠቢያዎች ይህን ለሁሉም አስተምረው ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ዛሬ ከበሩ ላይ የሉም።

ልብሱን በተመለከተ የተሻለው አሠራር በተቋሙ ላውንደሪ ማጠብ ነው። ደም ወይም ሌላ ፈሳሽ የነካው ልብስ ጭራሽ ወደ ቤት ሊወሰድ አይገባም። ቤት ለማጠብ የተገደደች ነርስ ልብሱን በፌስታል ለይታ ትወስዳለች፤ ከቤተሰብ ልብስ ጋርም አትቀላቅለውም። ጨርቁ የሚችል ከሆነ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በደረሰ ውኃ 10 ደቂቃ ማጠብ አብዛኛውን ጀርም ያስወግዳል። ሙቅ ውኃ ከሌለ በሳሙና ከታጠበ በኋላ 0.05 በመቶ በሆነ የክሎሪን ውኃ ለ30 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ ይቻላል፤ በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ጽሑፍ ያለበት በረኪና ከሆነ 100 ሚሊ ሊትሩ በ10 ሊትር ውኃ ይበረዛል። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ኬሚካሎች ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይደረግም። ባለቀለም ልብስ በበረኪና ቶሎ ይደበዝዛል፤ ተቋማት ቀለም ሲመርጡ የማጠቢያ አቅማቸውን አብረው ማሰብ የሚኖርባቸውም ለዚህ ነው።

ልብሱን የማቅረብ ግዴታ የማን ነው?

ንጹሕ ልብስ በየቀኑ እንድትለብስ የሚጠየቅ ነርስ ቢያንስ ሦስት ሙሉ ልብስ ያስፈልጋታል፦ አንዱ የምትለብሰው፣ አንዱ የሚታጠበው፣ አንዱ ደግሞ በሥራ መካከል ቢበላሽ የምትቀይረው። አንድ ጋውን ብቻ ያላትን ነርስ በንጽህና መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ለግል ክሊኒኮችና ለግል ሆስፒታሎች የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኞቹ የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ያስገድዳል፤ ሠራተኛውም የተሰጠውን በአግባቡ የመጠቀም ግዴታ አለበት። የመንግሥት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ነርሶች የሚተዳደሩት በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሆነ የልብሳቸው ወጪ ከተቋሙ በጀት ጋር የተያያዘ ነው። የጓንት፣ የጭምብልና የፕላስቲክ ሽርጥ አቅርቦት ከሥራ ልብሱ ተለይቶ መታየት አለበት፤ ጋውን የእነዚህ ምትክ ሊሆን አይችልም።

ጋውን በማንኛውም ልብስ ሰፊ ዘንድ ሊሰፋ ይችላል፤ የሙያ ፈቃድ ግን ከልብስ ሰፊ አይገኝም። ያለ ፈቃድ የሕክምና ሥራ መሥራት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ድርጊት ነው። ስለሆነም ነጭ ለብሶ በየገበያው ወይም በየቤቱ መርፌ ለሚወጋ ሰው ክንድን ከመስጠት በፊት ማንነቱን መጠየቅ ራስን ማዳን ነው።

ታካሚና አስታማሚ ምን ያድርጉ?

ወደ ጤና ተቋም ሲገቡ የልብስ ቀለሞችን ትርጉም በካርድ ክፍል ወይም በላይዘን ክፍል ይጠይቁ። ወደ አልጋዎ የቀረበውን ባለሙያ «ስምዎ ማን ነው? ሙያዎስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የታዘዘው መድኃኒት ምን እንደሆነና ለምን እንደሚሰጥም ይጠይቁ። የባህል መድኃኒት ወስደው ከሆነ ወይም የማይስማማዎት መድኃኒት ካለ ለነርሷም ለሐኪሙም ለየብቻ ይንገሩ። ተረኛዋ ነርስ ማን እንደሆነች በየፈረቃው ቅያሪ ይወቁ፤ በሌሊት ችግር ቢፈጠር የሚጠሩት እርሷን ነው። ክፍያ የሚፈጸመው በካሸር፣ በደረሰኝ ነው፤ በኮሪደር ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ማንኛውንም ቀለም ቢለብስ ባጁን አይተው ለተቋሙ ኃላፊ ያሳውቁ። ባለሙያው ሊነካዎት ሲል እጁን እንዲታጠብ በትሕትና ማስታወስም መብትዎ ነው።

ለነርሶችም የሚቀረው ቃል አጭር ነው። አልጋ ላይ ያለ ሰው የሙያ ማስረጃችሁን አላየም፤ ስንት ሌሊት እንደነቃችሁም አያውቅም። የሚያየው የታጠበውን ልብስ፣ በደረት ላይ የተጻፈውን ስምና የታጠበውን እጅ ነው። አምቦ ላይ የተኛ የባኮ ገበሬ እነዚህን ሦስቱን ካየ፣ የጋውኑ ቀለም ነጭም ሆነ ሰማያዊ፣ በማን እጅ እንዳለ ያውቃል።